ሽቅብ የወጣውና ቁልቁል የወረደው፦ የፖቶስ ሐረግ የ80 ሳምንታት ማስታወሻ

ሳምንት 1

ለዚህ ሥራ መነሻ የሆነኝ ለረጅም ጊዜ ያልለቀቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። በመስኮት ዳር፣ በትንሽ መትከያ ዕቃ ውስጥ የምናውቀው ፖቶስ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለውና ቢጫ የተረጨበት ሲሆን፣ መጠኑም ከእጅ መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። በሐሩር ደን ውስጥ ግን ይኸው ተክል ትልልቅ ዛፎችን ተከትሎ እስከ 20 ሜትር ድረስ ይወጣል፤ ቅጠሉም እስከ 1 ሜትር የሚረዝምና ከጠርዙ እስከ መሃል ጅማቱ ድረስ የተሰነጣጠቀ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ዝርያ ናቸው ቢሉት በቀላሉ አያምንም። ማወቅ የፈለግኩት ይህ ለውጥ በዕድሜ ብዛት የሚመጣ መሆኑን ወይም ተክሉ የሚወጣበት ድጋፍ በማግኘቱ የሚመጣ መሆኑን ነው።

ዕድሜን ከጥያቄው ለማውጣት ሦስቱንም ቁርጥራጮች ከአንዲት እናት ተክል፣ ከአንድ ሐረግ ላይ፣ በአንድ ቀን ቆረጥኩ። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ አንድ ቅጠልና ሁለት አንጓ አለው። «ሀ» ያልኩት 1.6 ሜትር ቁመት ባለውና በኮኮናት ቃጫ በተሸፈነ ሳንቃ ላይ ይወጣል፤ ሳንቃውም ዘወትር እርጥብ ይሆናል። «ለ» ተመሳሳይ ቁመት ባለው ልሙጥ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ እየታሰረ ይወጣል። «ሐ» ያለ ምንም ድጋፍ ከከፍተኛ መደርደሪያ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ብርሃኑ፣ አፈሩና ውሃው ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነው። የመነሻ ቅጠሎቻቸው ርዝመት 10.2፣ 9.8 እና 10.5 ሴንቲሜትር ነበር።

ሳምንት 2

ከሦስቱ በተጨማሪ ለሙከራ ያህል ሁለት ቅጠሎችን ያለ አንጓ፣ ከነዘንጋቸው ብቻ ቆርጬ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። አንዱ በስብሷል፤ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ቢቆይም ምንም አላበቀለም። የዚህ ተክል አዲስ ቀንበጥ የሚወጣው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ላይ ከተቀመጠችው ቡቃያ ነው፤ ቡቃያዋም ያለችው በአንጓው ላይ ስለሆነ አንጓ የሌለው ቅጠል ምንም ያህል ጤናማ ቢሆን ሐረግ ሊሆን አይችልም። ከአፈር ውጭ ከግንዱ የሚወጡት የአየር ሥሮቹም መነሻ ይኸው አንጓ ነው። እጄ ላይ ባሉት ቁርጥራጮች ገና ከመቆረጣቸው በፊት ከአንጓው በታች ቡናማ ጉብታዎች ይታዩ ነበር፤ አሁን ውሃ ውስጥ ነጭ ሥር ማውጣት የጀመሩት እነዚሁ ጉብታዎች ናቸው።

ሳምንት 4

ሥሮቹ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ደርሰዋል። ሦስቱንም ተከልኩ።

ሳምንት 7

በዚህ ሳምንት «ሀ» የመጀመሪያ አዲስ ቅጠሉን ሲዘረጋ በየጠዋቱና በየማታው እየተቀመጥኩ ተከታተልኩት። ይህን ያህል ጊዜ ያየሁት ተክል ሆኖ ሳለ ይህን ነገር አስተውዬው አለማወቄ አስገርሞኛል። አዲሱ ቅጠል ከባዶ ቦታ አይወጣም፤ የቀደመው ቅጠል ዘንግ በሁለት ጎኑ ስስ ክንፍ መሰል ሽፋን አለው፣ አዲሱ ቅጠልም በዚያ ሽፋን መካከል እንደ ሕፃን ታቅፎ ያድጋል። ሲወጣ እንደ ቀጭን ሲጋራ የተጠቀለለ፣ ፈዛዛ አረንጓዴና እርጥበት ያለው ዘንግ ይመስላል። ጥቅልሉን በአጉሊ መነጽር ስመለከተው አንደኛው የቅጠሉ ግማሽ ከውስጥ ሆኖ ሌላው ግማሽ በላዩ ላይ ተጠምጥሞበታል። ከሦስት ቀን በኋላ ከጫፉ ጀምሮ ላላ፤ በአምስተኛው ቀን ተዘረጋ፤ ገጹም ለሁለት ሳምንት ያህል ለስላሳና እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ ሆኖ ቆይቶ ቀስ በቀስ ጠነከረ።

የተዘረጋውን ቅጠል ስለካው የመሃል ጅማቱ በትክክል መሃል ላይ አልነበረም። ከግራው ጠርዝ 3.6፣ ከቀኙ 4.1 ሴንቲሜትር ይርቃል። አስቀድሜ ይህን ያለመመጣጠን የጉዳት ምልክት አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ አሁን ግን በእናት ተክሏ ላይ 20 ቅጠሎችን ለክቼ በ18ቱ ላይ ስላገኘሁት የተክሉ የራሱ ጠባይ መሆኑን ተቀብያለሁ።

ሳምንት 9

ማታ ብዙ ውሃ ባጠጣሁ ቁጥር በማግስቱ ጠዋት በቅጠሎቹ ሹል ጫፍ ላይ አንዳንድ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሎ አገኛለሁ። ይህ ጤዛ አይደለም። ሌሊት ቅጠሉ ውሃን ወደ አየር ማትነን ሲቀንስ ሥሩ ግን መሳቡን ስለሚቀጥል፣ ትርፉ በጫፉ ባለው ቀዳዳ በኩል ይወጣል። ቅጠሉ የሚጨርሰው በሹል ጫፍ ስለሆነ ጠብታውም ሁልጊዜ እዚያው ነው።

ሳምንት 13

የ«ሀ» የአየር ሥሮች ሳንቃውን ያዙ። ይህን ስጠብቅ ስለነበር በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ከእያንዳንዱ አንጓ፣ ከቅጠሉ በተቃራኒ በኩል፣ ከሦስት እስከ አምስት የሚደርሱ አጫጭር ሥሮች ይወጣሉ። ጫፋቸው ነጣ ያለና ክብ ነው፣ ከኋላው ያለው ክፍል ደግሞ ቡናማና ሻካራ ነው። ሥሩ አየር ላይ እስካለ ድረስ ጥቂት ሚሊሜትር አድጎ ይቆማል፤ እርጥብ ቃጫ ሲነካ ግን ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛበትና ከነካበት ጎን ብቻ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጸጉር ያበቅላል። ጸጉሮቹ በቃጫው መካከል ገብተው ይጣበቃሉ። አንዱን ሥር ለመመልከት ብዬ በመቆንጠጫ ቀስ አድርጌ ላነሳው ስሞክር ሥሩ ሳይለቅ ቃጫው ተነቅሎ መጣ።

ከእነዚህ ሌላ ከስድስተኛው አንጓ አንድ ለየት ያለ ሥር ወጥቷል። እሱ ወደ ሳንቃው አልዞረም፤ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት እየወረደ ነው፣ በዚህ ሳምንት ብቻ 4 ሴንቲሜትር ጨምሯል። ፖቶስ የሚመደብበት የአሩም ቤተሰብ ተንጠላጣይ ሐረጎች በአብዛኛው ይህ የሥራ ክፍፍል አላቸው፦ አጫጭሮቹ ሥሮች ግንዱን ከድጋፉ ጋር ያስራሉ፣ ረጃጅሞቹ ደግሞ ወደ አፈር ወርደው ውሃና ምግብ ይስባሉ።

የ«ለ» ሥሮች በልሙጡ ቱቦ ላይ ምንም የሚይዙት አጥተው በ5 ሚሊሜትር ርዝመት ደርቀዋል። ግንዱን የያዘው የእኔ ክር ብቻ ነው። የ«ሐ»ም እንዲሁ ጉብታ ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

ሳምንት 17

በዚህ ሳምንት የሚለካ ብዙ ነገር ስላልነበረ ስለ ስሙ ያነበብኩትን እጽፋለሁ፤ የስሙ ታሪክ ከተክሉ ጠባይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከጉዳዩ መውጣት አይሆንም።

ተክሉ የተገኘው በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ከሚገኙት የሶሳይቲ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በሞኦሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው በፖቶስ ወገን ውስጥ ተመደበ፤ ዛሬም በሰው አፍ የቀረው ስም የመጣው ከዚያ ነው። በኋላ ወደ ሲንዳፕሰስ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ራፊዶፎራ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ኤፒፕሬምነም ተዛወረ፤ ዛሬ የሚታወቀውም ኤፒፕሬምነም ኦሬዩም በሚለው ስም ነው። ይህ ሁሉ መንከራተት የመጣው ከአበባው መጥፋት ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንዱን ወገን ከሌላው የሚለዩት ምልክቶች በአብዛኛው ያሉት በአበባውና በፍሬው፣ ለምሳሌ በእንቁላል ዕቃው ውስጥ ባሉት የዘር እንቁላሎች ብዛት ላይ ነው፤ ፖቶስ ደግሞ አያብብም ማለት ይቻላል።

ቢያብብ ኖሮ የምናየው የቤተሰቡን መለያ ነበር፦ ስፓዲክስ የሚባል ሥጋማ ዘንግ፣ በላዩ ላይ ተጠጋግተው የተሰደሩ እጅግ ጥቃቅን አበቦች፣ ዙሪያውንም እንደ ጀልባ ሸራ የከበበው ስፓት የተባለ አንድ ትልቅ ሽፋን። ብዙ ሰው «አበባ» የሚለው ይህን ሽፋን ነው፤ በእርግጥ ግን እሱ መልኩን የለወጠ ቅጠል ነው።

የማያብብበትን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አብራርቷል። ተክሉ ጂቤሬሊን የተባለውን የእድገት ሆርሞን ለመሥራት የሚያስፈልገውን አንድ ጂን ሥራ ላይ ማዋል ስላልቻለ የሆርሞን እጥረት አለበት፤ ተመራማሪዎቹ ሆርሞኑን ከውጭ ሲሰጡት አብቧል። ይህን ካነበብኩ በኋላ በመስኮቴ ዳር ያሉትን ሦስቱን ሐረጎች በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ፤ በዘር ሳይሆን ከአንጓ ወደ አንጓ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቆረጡ የመጡ ናቸውና።

ሳምንት 22

የአዲሶቹ ቅጠሎች ርዝመት፦ «ሀ» 15.4፣ «ለ» 11.0፣ «ሐ» 8.1 ሴንቲሜትር። በሁለት አንጓ መካከል ያለው ርቀት በ«ሀ» 5.5፣ በ«ሐ» 11 ሴንቲሜትር ነው። የግንዱ ውፍረት በ«ሀ» 9 ሚሊሜትር ሲደርስ «ሐ» ከ4 አላለፈም።

እንደማስበው ቁልቁል የሚወርደው ሐረግ ድጋፍ ፍለጋ ላይ ያለ ተክል ነው። ቅጠል ለመሥራት የሚያወጣውን ይቆጥባል፣ ያለውን በርዝመት ላይ ያውላል። ድጋፍ ያገኘው ደግሞ አንጓውን አቀራርቦ ግንዱንና ቅጠሉን ያጠነክራል።

ሳምንት 27

በእያንዳንዱ የቅጠል ዘንግ ጫፍ፣ ከቅጠሉ ገጽ ጋር ከመገናኘቱ በፊት፣ ትንሽ ያበጠና በቀለሙ የተለየ ክፍል አለ። ሳየው ጉልበትን ያስታውሰኛል፣ ሥራውም የጉልበት ይመስላል። ለማረጋገጥ የ«ለ»ን መትከያ ግማሽ ዙር አዙሬ ቅጠሎቹን ጀርባቸውን ወደ መስኮቱ ሰጠኋቸው። በሁለተኛው ቀን ለጋዎቹ ቅጠሎች ዘንጋቸው እንዳለ ሆኖ ገጻቸው ከዚህ ጉልበት ላይ ተጠማዞ ወደ ብርሃን መመለስ ጀመረ፤ በዘጠነኛው ቀን አራቱ ሙሉ በሙሉ ዞረው ነበር። ሁለቱ ያረጁ ቅጠሎች ግን በከፊል ብቻ ዞረው ቆሙ።

ሳምንት 31

የ«ሐ»ን አንድ የተጎዳ ቅጠል ስቆርጥ ጭማቂው የእጅ አንጓዬን ነክቶኝ ለሁለት ሰዓት ያህል አሳከከኝ። አጋጣሚውን ተጠቅሜ ከዘንጉ የወጣውን ጭማቂ በመስታወት ላይ አድርጌ በ400 እጥፍ ማይክሮስኮፕ ተመለከትኩት። ያየሁት በጣም ያማረና የሚያስፈራ ነገር ነው፦ በሁለቱም ጫፋቸው የሾሉ፣ እንደ ክብሪት እንጨት በእስር በእስር የታሰሩ ግልጽ መርፌዎች፣ አንዳንዱ እስር ከተቀመጠበት ህዋስ ወጥቶ የተበተነ። እነዚህ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች ናቸው። ተክሉን የሚያኝክ እንስሳ ወይም ሕፃን አፉንና ጉሮሮውን የሚያቃጥለው በእነዚሁ መርፌዎች ነው፤ ስለዚህ ውሻ፣ ድመት ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ሐረግ ከማይደረስበት ቦታ መቀመጥ አለበት። መርፌዎቹ የፖቶስ ብቻ አይደሉም፤ በጎደሬ ቅጠልም፣ ትልልቅ ቅጠሉ ቀዳዳ ባለው በሞንስቴራም አሉ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸውና።

ሳምንት 38

ለ11 ቀናት ርቄ ስመለስ ሳንቃው ጨርሶ ደርቆ ነበር። በመትከያ ዕቃው ውስጥ ያለው አፈር አሁንም እርጥበት ስለነበረው ቅጠሎቹ አልጠወለጉም፤ ነገር ግን የላይኞቹ ሦስት አንጓዎች የአየር ሥር ጫፎች ጠቁረዋል። ስህተቱ የእኔ ነው፤ የአፈሩን እንጂ የሳንቃውን ውሃ አላሰብኩበትም። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ አዲስ ቅጠል ከቀደመው ይበልጥ ነበር፤ ከድርቀቱ በኋላ የወጣው ግን ከ21.9 ወደ 18.3 ሴንቲሜትር ወርዷል። ሳልፈልግ የተገኘ ማስረጃ ቢሆንም ዋጋ ያለው ማስረጃ ነው፦ ቅጠሉን የሚያሳድገው ሽቅብ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን የአየር ሥሮቹ በመንገዳቸው ላይ የሚስቡት ውሃ ጭምር ይመስላል። «ለ» ሽቅብ እየወጣ ሳለ ብዙ ያላደገበትንም ምክንያት ይህ ያስረዳኛል።

ሳምንት 45

የ«ሀ» ቅጠል 25 ሴንቲሜትር ደረሰ። ቢጫው ርጭት በትልልቆቹ ቅጠሎች ላይ ጎልቷል። ቢጫው ክፍል ክሎሮፊል ያነሰበት ህብረ ህዋስ ስለሆነ ለተክሉ ምግብ በመሥራት በኩል ድርሻው አነስተኛ ነው። ግንዱን በቅርብ ስመለከት በአረንጓዴው ላይ ቀጫጭን ቢጫ መስመሮች ይሄዳሉ፤ በእናት ተክሏ ላይ መስመር ከሌለበት ጎን የወጣች አንዲት ቡቃያ እስካሁን ያወጣቻቸው አምስት ቅጠሎች በሙሉ አረንጓዴ ናቸው።

ሳምንት 62

ዛሬ ጠዋት የ«ሀ» 27ኛ ቅጠል ሲዘረጋ በቀኙ ጠርዝ በኩል አንድ ስንጥቅ ታየ። ርዝመቱ 33.5፣ ስፋቱ 24 ሴንቲሜትር ነው፤ ስንጥቁ ከጠርዙ ተነሥቶ በሁለት የጎን ጅማቶች መካከል ወደ ውስጥ 9 ሴንቲሜትር ይገባል። መጀመሪያ የተቀደደ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ነገር ግን የተቀደደ ቅጠል ጠርዙ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፤ የዚህ ስንጥቅ ጠርዝ ግን እንደ ቅጠሉ የውጭ ጠርዝ ለስላሳ፣ የተዘጋና አረንጓዴ ነው። ቅጠሉ ገና ተጠቅልሎ ሳለ የተሠራ ስንጥቅ መሆኑን ለማየት ይህ በቂ ነው።

የዘመዱ የሞንስቴራ ቀዳዳዎች የሚሠሩበት መንገድ በደንብ ተጠንቷል። ቅጠሉ በጣም ትንሽ ሳለ በጅማቶቹ መካከል ያሉ የተወሰኑ ህዋሳት በታቀደ መንገድ ይሞታሉ፤ የመርፌ ጫፍ የምታክለዋ ቀዳዳ ከቅጠሉ ጋር አብራ እያደገች ትሰፋለች። ስለዚህ የተዘረጋ ቅጠል ላይ በኋላ አዲስ ቀዳዳ አይጨመርም። የቀዳዳዎቹ ጥቅም ምን እንደሆነ የቀረቡት መላምቶች ብዙ ናቸው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ በደን ጥላ ውስጥ ብርሃን በትንንሽ ቁርጥራጭ ስለሚወርድ፣ በዚያው ህብረ ህዋስ ሰፋ ያለ ቦታ የሚሸፍን ቅጠል ብርሃኑን ይበልጥ በእርግጠኝነት ያገኛል የሚለው ነው።

ስለ ሞንስቴራ ካነሣሁ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ አንድ ጥናት የአንድ የሞንስቴራ ዝርያ ለጋ ችግኞች ከዘር ሲበቅሉ ወደ ብርሃን ሳይሆን ወደ ጨለማ፣ ማለትም ወደ ቅርብ ዛፍ ግንድ ጥላ እንደሚሳቡ አሳይቷል። ዛፉን ካገኙ በኋላ ግን አቅጣጫቸውን ለውጠው ወደ ላይ ይወጣሉ። ፖቶስ ዘር ስለማይሰጠኝ ይህን መሞከር አልችልም፤ ብችል ኖሮ የመጀመሪያ ሥራዬ ይሆን ነበር።

ሳምንት 64

የ«ሀ» ቀንበጥ የሳንቃውን ጫፍ አለፈ። ሳንቃ ልቀጥልለት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የተሻለ ሙከራ እጄ ላይ እንዳለ ገባኝ። ድጋፍ ሳልጨምር ተውኩት። በተቃራኒው ደግሞ 2.7 ሜትር ወርዶ ወለሉ ላይ የተጠመጠመውን የ«ሐ»ን ጫፍ አንሥቼ በዚያው ሳንቃ ጀርባ ላይ በለስላሳ ጨርቅ አሰርኩት። የመጨረሻ ቅጠሉ 5.9 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር።

ሳምንት 71

«ሀ» ከሳንቃው በላይ 30 ሴንቲሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ቆይቶ በራሱ ክብደት ጎበጠ። ቅጠሎቹ በቅደም ተከተል 32.8፣ 29.6፣ 27.1 ሴንቲሜትር ናቸው። ስንጥቅ ያለበት የለም። የ«ሐ» ሥሮች በሁለት አንጓ ላይ ቃጫውን ይዘዋል።

ሳምንት 80

የ«ሀ» ቀንበጥ አሁን ሙሉ በሙሉ ቁልቁል እየወረደ ነው፤ አዲሱ ቅጠል 21.5 ሴንቲሜትር ሲሆን የአንጓው ርቀት ከ6 ወደ 9.5 ሴንቲሜትር ሰፍቷል። «ሐ» በሳንቃው ላይ ያወጣቸው አራት ቅጠሎች 6.1፣ 6.9፣ 8.4 እና 10.3 ናቸው። «ለ» በቱቦው ላይ 12.8 ላይ ቆሟል። ሦስቱም እኩል ዕድሜ አላቸው፤ የሁለቱ ቅጠል ደግሞ ድጋፋቸው በተለወጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሄዷል።

በሚቀጥለው ሳምንት የ«ለ»ን ቱቦ በእርጥብ ቃጫ እጠቀልለዋለሁ፤ በአዲሶቹ አንጓዎች ላይ ከሚወጡት የአየር ሥሮች የመጀመሪያው መቼ እንደሚይዝና ከእሱ በኋላ ያለው ቅጠል ስንት እንደሚሆን እለካለሁ።